የቤተሰቡን ሉዶ ወደ ኮምፒውተር ማምጣት፦ ከባለካሬ ደብተር እስከ ፍላሽ

ሉዶን ኮምፒውተር ላይ ልሥራ ብሎ የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ይጀምራል። አራቱን ቀለም ያሳምራል፣ ዳይሱን ያሽከረክራል፤ ጠጠሩን ላንቀሳቅስ ሲል ግን ነገሩ ይወሳሰብበታል። ሥዕሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ማንም ጽፎት የማያውቀው የቤት ሕግ ነው። ሦስተኛ ስድስት ሲመጣ ምን ይሆናል? ኮከብ ላይ ይበላል? ሁለት ጠጠር አንድ ላይ ሲቆም መንገድ ይዘጋል? ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ ሰፈር ያለው ቤተሰብና ሳቢያን ሰፈር ያሉት ዘመዶቹ ለእነዚህ ጥያቄዎች የተለያየ መልስ ሊኖራቸው ይችላል፤ ሰሌዳው ላይ ሲሆን ክርክሩ በጩኸት ወይም በታላቅ ሰው ያልቃል። ኮምፒውተር ግን የተጻፈለትን ብቻ ነው የሚፈጽመው። ስለዚህ ሥራው ወረቀት ላይ ይጀመራል።

ጨዋታው በአንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል፣ በጃቫስክሪፕት ይሠራል። በፓይተንም ይሆናል፤ ነገር ግን በፓይተን የተሠራውን ለአክስት ልጅ ለመስጠት አብዛኛውን ጊዜ በእሷም ኮምፒውተር ላይ ፓይተን መጫን አለበት። አንዱ ፋይል ግን ያለ ኢንተርኔት፣ ማሰሻ ባለው ኮምፒውተርና አንድሮይድ ስልክ ይከፈታል። የሚያስፈልገው ኖትፓድ፣ ክሮም ወይም ፋየርፎክስ፣ ባለካሬ ደብተርና እውነተኛው የሉዶ ሰሌዳ ነው። ተለዋዋጭ፣ ዝርዝር፣ ፈንክሽንና ሁኔታ ምን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው ይከተለዋል፤ ከዚያ በላይ አይጠይቅም።

ስለ መብት የሚጨነቅ ካለ፦ ሉዶ ከህንዱ ፓቺሲ የተቀዳ ሲሆን እንግሊዝ አገር ፓተንት የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። ያ መብት ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። የሌላ ሰው የስልክ ጨዋታ ሥዕልና ድምፅ ገልብጦ መጠቀም ግን ሌላ ነገር ነው፤ የራሳችሁን ሣሉ።

ሕጉን መጀመሪያ ጻፉት

ከዚህ በታች ካሬ የምንለው አንዷን መርገጫ ነው። ግቢ ጠጠሮቹ መጀመሪያ የሚቀመጡበት ባለ ቀለም ማዕዘን፣ ጎዳና ሁሉም የሚዞርበት መንገድ፣ መግቢያ ደግሞ ወደ መሐል የሚወስደው የየራስ መስመር ነው።

ሰሌዳውን ዘርግታችሁ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ጻፉ። መልሱ የትኛውም ቢሆን ችግር የለውም፤ ያልተመለሰ ጥያቄ ግን ኮዱ መሐል ላይ ጠብቆ ይይዛችኋል።

- ጠጠር ከግቢ የሚወጣው በ6 ብቻ ነው ወይስ በ1ም?
- አራቱም ግቢ ውስጥ ሳሉ ተጫዋቹ የሚጥለው አንዴ ነው ወይስ ሦስት ጊዜ?
- 6 ያመጣ ይደግማል? ሦስተኛ 6ስ ተራ ያሳጣል? የበላስ ይደግማል? ጠጠር መሐል ያስገባስ?
- ኮከብና መነሻ ካሬ ላይ መብላት ክልክል ነው?
- ጥንድ ጠጠር መንገድ ይዘጋል? ይዘጋል ከተባለ ኮከብ ላይ ያለ ጥንድስ? መነሻ ላይ ያለውስ ባለቤቱን ግቢው ውስጥ ያስቀራል?
- መሐል የሚገባው በልኩ ቁጥር ብቻ ነው?
- ማንንም ሳይበሉ መግባት ይቻላል?
- አንድ ሰው ሲጨርስ ጨዋታው ያልቃል ወይስ ሁለተኛና ሦስተኛ እስኪለይ ይቀጥላል?

ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ የጨዋታውን ጠባይ ከሁሉም በላይ የሚለውጠው ግን እሱ ነው። በአንድ መጣል 6 የመምጣት ዕድል ከስድስት አንድ ነው። ሦስት ጊዜ መጣል ከተፈቀደ በአንድ ተራ ውስጥ የመውጣት ዕድል ወደ 42 በመቶ ይደርሳል። አንዴ ብቻ ሲጣል አሥር ተራ ሙሉ ሳይወጡ የመቆየት ዕድሉ 16 በመቶ ያህል ነው፤ ሰሌዳ ላይ ሰው እያወራ፣ ሻይ እየጠጣ ይጠብቃል፣ ስክሪን ፊት ግን ይሰለቸዋል። ለኮምፒውተሩ ሦስቱን መጣል እንመርጣለን፤ በእሱ አሥር ተራ ታስሮ የሚቀረው ከ200 አንድ አይሞላም።

እያንዳንዱን መልስ ፋይሉ አናት ላይ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ አስቀምጡት፤ እውነት ወይም ሐሰት የሚይዝ ተለዋዋጭ ማለት ነው። ሕጉ በኮዱ ሆድ ውስጥ ተበትኖ ከቀረ እንግዳ ቤተሰብ «እኛ ጋ እንዲህ አይደለም» ባለ ቁጥር ፋይሉ ይተረተራል።

ሰሌዳውን ቁጥር ማልበስ

የሉዶ ሰሌዳ በ15 በ15 ካሬ ይገባል። አራቱ ማዕዘኖች እያንዳንዳቸው 6 በ6 ናቸው፤ መሐሉ 3 በ3 ነው። የቀሩት አራት ክንዶች እያንዳንዳቸው 18 ካሬ አላቸው፤ ከ18ቱ 5ቱ የመግቢያ፣ 13ቱ የጎዳና ናቸው። 13 በ4 ሲባዛ 52 ይሆናል፤ የጎዳናው ርዝመት ይኸው ነው። የምትሠሩበት ሰሌዳ 52 ካልሰጠ (ርካሽ ሰሌዳዎች ላይ አንዳንዴ የኅትመት ስህተት አለ) ሰሌዳውን ትታችሁ ቁጥሩን እመኑ።

ደብተሩ ላይ 15 በ15 አስምሩ። ረድፍ ከላይ ወደ ታች፣ ዓምድ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሁለቱም ከ0 እስከ 14 ይቆጠራሉ። ቀዩ ግራ ላይኛው ማዕዘን ነው ብላችሁ ጎዳናውን በሰዓት አቅጣጫ እንዲህ ቁጠሩት፦

ከ0 እስከ 4፦ ረድፍ 6፣ ዓምድ 1 እስከ 5
ከ5 እስከ 10፦ ዓምድ 6፣ ረድፍ 5 ወደ ላይ እስከ 0
11፦ ረድፍ 0፣ ዓምድ 7
ከ12 እስከ 17፦ ዓምድ 8፣ ረድፍ 0 እስከ 5
ከ18 እስከ 23፦ ረድፍ 6፣ ዓምድ 9 እስከ 14
24፦ ረድፍ 7፣ ዓምድ 14
ከ25 እስከ 30፦ ረድፍ 8፣ ዓምድ 14 ወደ ኋላ እስከ 9
ከ31 እስከ 36፦ ዓምድ 8፣ ረድፍ 9 እስከ 14
37፦ ረድፍ 14፣ ዓምድ 7
ከ38 እስከ 43፦ ዓምድ 6፣ ረድፍ 14 ወደ ላይ እስከ 9
ከ44 እስከ 49፦ ረድፍ 8፣ ዓምድ 5 ወደ ኋላ እስከ 0
50፦ ረድፍ 7፣ ዓምድ 0
51፦ ረድፍ 6፣ ዓምድ 0

የአራቱ ተጫዋቾች መነሻ 0፣ 13፣ 26 እና 39 ነው። ኮከቦቹ ከእያንዳንዱ መነሻ 8 ካሬ ርቀው ይገኛሉ፤ 8፣ 21፣ 34 እና 47 ማለት ነው። መግቢያዎቹ ደግሞ የቀዩ ረድፍ 7፣ ዓምድ 1 እስከ 5፤ የላይኛው ቀኝ ተጫዋች ዓምድ 7፣ ረድፍ 1 እስከ 5፤ የታችኛው ቀኝ ረድፍ 7፣ ዓምድ 13 ወደ ኋላ እስከ 9፤ የታችኛው ግራ ዓምድ 7፣ ረድፍ 13 ወደ ላይ እስከ 9 ናቸው።

ይህን ዝርዝር ኮዱ ውስጥ 52 ጥንድ ቁጥር አድርጋችሁ በእጅ ጻፉት። በቀመር ላሳጥረው የሚል ፈተና ይመጣል፤ አትሸነፉለት። በእጅ መጻፉ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ የተሳሳተ ቀመር ፍለጋ ግን ከሰዓት በኋላውን ይበላል።

አንድ ጠጠር፣ አንድ ቁጥር

የሁሉም ጠጠሮች ቦታ በ16 ቁጥር ይያዛል፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አራት አራት። ቁጥሩ ጠጠሩ ከራሱ መነሻ ስንት እርምጃ እንደሄደ ይናገራል።

−1፦ ግቢ ውስጥ ነው
ከ0 እስከ 50፦ ጎዳና ላይ ነው
ከ51 እስከ 55፦ በራሱ መግቢያ ላይ ነው
56፦ መሐል ገብቷል

ጎዳናው 52 ካሬ ሆኖ ሳለ አንድ ጠጠር የሚረግጠው 51ዱን ብቻ ነው። ከመነሻው ኋላ ያለችውን አንዷን ካሬ ሳይነካ ወደ መግቢያው ይታጠፋል። ይህን ያላስተዋለ ሰው ጠጠሩ መግቢያውን አልፎ ሌላ ዙር ሲጀምር ያገኘዋል።

ሁለት ጠጠሮች አንድ ካሬ ላይ መሆናቸውን ለማወቅ እርምጃውን ወደ ጎዳና ቁጥር መለወጥ ያስፈልጋል፦

የጎዳና ቁጥር = (መነሻ + እርምጃ) ለ52 ሲካፈል የሚተርፈው

እዚህ ላይ ሦስት ስህተቶች በብዛት ይታያሉ። የመጀመሪያው ለ52 ማካፈሉን መርሳት ነው። ተንኮሉ ቀዩ ላይ አለመታየቱ ነው፤ የቀዩ መነሻ 0 ስለሆነ ቁጥሩ ከ50 አያልፍም። ታች ቀኝ ያለው፣ ከ26 የሚነሣው፣ 26ኛው እርምጃው ላይ 52 ይደርስና ከሰሌዳው ይሰወራል። ስለዚህ በቀይ ብቻ ሞክሮ «ሠርቷል» ማለት አይቻልም። ሁለተኛው ስህተት የጎዳና ቁጥሩን ትቶ እርምጃዎችን ማወዳደር ነው፤ ያን ጊዜ ቀዩም አረንጓዴውም ከየመነሻቸው 5 ስለሄዱ ብቻ፣ በሰሌዳው ሁለት ጫፍ ሆነው ይበላላሉ። ሦስተኛው መግቢያ ላይ ያለን ጠጠርም ወደ ጎዳና ቁጥር መለወጥ ነው። የቀዩ 51ኛ እርምጃ በቀመሩ 51 ቁጥር ካሬን ይሰጣል፤ በእውነት ግን ጠጠሩ እዚያ የለም፣ የሚያልፍ ሁሉ ሳይገባው ይበላዋል። እርምጃው ከ50 በላይ ከሆነ ቀመሩ እንዳይነካው አድርጉ።

ዳይሱ

የጃቫስክሪፕት ራንደም ከ0 ጀምሮ 1 የማይሞላ ቁጥር ይሰጣል። በ6 አባዙት፣ ከነጥብ በኋላ ያለውን ቁረጡ፣ 1 ጨምሩ። ቁረጡ ማለት ፍሎር ነው፤ ራውንድ አይደለም። በ5 አባዝቶ በራውንድ አጠጋግቶ 1 የሚጨምር ኮድ በየቦታው ይታያል፤ ከ1 እስከ 6 ስለሚያወጣ ትክክል ይመስላል። ግን 1 እና 6 የሚመጡት ከአሥር አንዴ ብቻ ይሆናል፣ የተቀሩት አራቱ ከአምስት አንዴ። ሁሉ ነገር በ6 በሚከፈትበት ጨዋታ ይህ ሰውን ግቢው ውስጥ ያስረዋል፤ ተጫዋቹም «ኮምፒውተሩ ያጭበረብራል» ይላል፤ አልተሳሳተም።

ለማረጋገጥ ዳይሱን 6000 ጊዜ አስጥላችሁ ቁጠሩ። እያንዳንዱ ቁጥር ከ900 እስከ 1100 መሐል ከወደቀ ጥሩ ነው። 6 ወደ 600 ገደማ ከሆነ ራውንድ የሆነ ቦታ ተደብቋል።

የሚፈቀደውን እርምጃ መለየት

አንድ ፈንክሽን ጻፉ፤ ሥራው ይህ ጠጠር በዚህ ዳይስ መሄድ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን መመለስ ብቻ ነው። ምንም አያንቀሳቅስም፣ ምንም አይሥልም።

ጠጠሩ −1 ላይ ከሆነ፦ ዳይሱ 6 (ሕጋችሁ ከፈቀደ 1ም) ሲሆን ብቻ ይችላል
ጠጠሩ 56 ላይ ከሆነ፦ አይችልም
እርምጃ + ዳይስ ከ56 ከበለጠ፦ አይችልም
የጥንድ ሕግ ከበራ፦ ከፊቱ ከ1 እስከ ዳይሱ ድረስ ካሬዎቹን አንድ በአንድ አይቶ፣ የሌላ ሰው ጥንድ ካለ አይችልም
ከዚህ ሁሉ ካለፈ፦ ይችላል

ጥንዱ ማረፊያው ላይ ብቻ ሳይሆን መንገዱ ላይም መታየት አለበት፤ ያለዚያ ጠጠር በጥንዱ ላይ ዘሎ ያልፋል። ከ50 በላይ ያለውን የመግቢያ ክፍል በዚህ ፍተሻ አታስገቡ።

ዳይሱ ከወጣ በኋላ ይህን ፈንክሽን ለአራቱም ጠጠሮች ጠይቁ። አንድም የሚችል ከሌለ «የሚሄድ የለም» የሚል ጽሑፍ ለአንድ ሰከንድ አሳይታችሁ ተራውን አሳልፉ። ጽሑፉ ይቅር ከተባለ ተራው በዝምታ ይዘላል፣ ሰው ጨዋታው የተበላሸ ይመስለዋል። የሚችለው አንድ ብቻ ከሆነ በራሱ ይሂድ ወይስ ሰው ይንካው? ስልክ ላይ በራሱ ቢሄድ ይሻላል። ልጆች ሲጫወቱ ግን መንካቱን ተዉላቸው፤ ለእነሱ ጨዋታው መንካቱ ነው።

መብላት

ጠጠሩ ካረፈ በኋላ፣ በየመሐሉ ሲያልፍ ሳይሆን፣ እርምጃው 50 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የጎዳና ቁጥሩን አውጡ። ቁጥሩ ከስምንቱ መጠለያዎች፣ ማለትም ከመነሻዎቹና ከኮከቦቹ (0፣ 8፣ 13፣ 21፣ 26፣ 34፣ 39፣ 47) አንዱ ከሆነ አቁሙ። ካልሆነ የሌሎቹን ተጫዋቾች 12 ጠጠሮች ተመልከቱ፤ እዚያ ካሬ ላይ ያለውን ወደ −1 መልሱ። የጥንድ ሕግ ከጠፋ አንድ ካሬ ላይ ሁለት ጠላት ሊቆም ይችላል፤ ሁለቱም ይበሉ ወይስ አንዱ? ይህም ወደ ሕጉ ዝርዝር ይጨመር።

ተራና ሁኔታ

ጨዋታው በማንኛውም ቅጽበት ከአራት ሁኔታዎች በአንዱ ላይ ነው፤ ዳይስ እየጠበቀ፣ ጠጠር ምርጫ እየጠበቀ፣ ጠጠር እየሄደ፣ ወይም አልቆ። ይህን በአንድ ተለዋዋጭ ያዙት። እያንዳንዱ ንክኪ ሲመጣ መጀመሪያ ሁኔታው ይታይ። ይህ ከሌለ ትዕግሥት የሌለው ተጫዋች ዳይሱን ሁለቴ ሲጫን ሁለት ዳይስ ይወጣል፣ ወይም ጠጠሩ ገና እየሄደ ሌላው ይነሣል።

በአንድ ተራ የወጡትን 6ዎች የሚቆጥረው የ6 ቆጣሪ ወደ 0 የሚመለሰው ተራው ወደ ሌላ ሰው ሲያልፍ ነው። ዳይስ በተጣለ ቁጥር ከተመለሰ ሦስተኛ 6 የሚባል ነገር ፈጽሞ አይመጣም። ሦስት 6 በተከታታይ የመምጣት ዕድሉ ከ216 አንድ ስለሆነ ስህተቱ በሙከራ ጨዋታ አይያዝም፤ ዳይሱን በእጅ 6 እያደረጋችሁ ፈትኑት።

ሥዕሉ

አሁን መሣል ይቻላል። 600 በ600 ፒክሰል ካንቫስ (ገጹ ላይ በኮድ የሚሣልበት ቦታ) አድርጉ፤ እያንዳንዱ ካሬ 40 ፒክሰል ይሆናል። ስክሪኑ 1366 በ768 የሆነ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የማሰሻው አሞሌዎች ከላይና ከታች ቦታ ስለሚወስዱ ከ600 በላይ ቁመት ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይታያል።

የካሬው ግራ ጠርዝ ዓምድ በ40፣ የላይ ጠርዙ ረድፍ በ40 ነው። ሁለቱ ከተቀያየሩ ሰሌዳው ሚዛናዊ ስለሆነ ሥዕሉ ጤነኛ ይመስላል፤ የሚያጋልጠው ጠጠሩ ነው፣ በሰዓት አቅጣጫ መዞሩን ትቶ በተቃራኒው ይሄዳል። ይህን ካያችሁ ሌላ ምንም አትፈልጉ።

ጠጠሩን በ14 ፒክሰል ሬዲየስ ክብ ሣሉት። አንድ ካሬ ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ሬዲየሱን ወደ 9 ዝቅ አድርጋችሁ ከመሐሉ 8 ፒክሰል እያራቃችሁ በአራት አቅጣጫ አስቀምጧቸው፤ አለበለዚያ አንዱ ሌላውን ይሸፍንና ጠጠር የጠፋ ይመስላል። ቀይና አረንጓዴ የማይለይለት ሰው በየቤተሰቡ ሊኖር ስለሚችል ክቡ ውስጥ ምልክት ጨምሩ፤ ነጥብ፣ መስመር፣ መስቀል፣ ሦስት ማዕዘን ይበቃል።

ሰሌዳውን በሰከንድ 60 ጊዜ የሚሥል ኮድ አትጻፉ። ሉዶ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ የሚጠብቅ ጨዋታ ነው፤ አንድ ነገር ሲለወጥ ብቻ ይሣል። ከቀኑ 8 ሰዓት የድሬ ሙቀት ላይ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ልዩነቱን በጆሮ ያሰማችኋል፤ ማራገቢያው ይጮኻል።

ፍጥነቱንም በሒሳብ ወስኑት። አንድ ተጫዋች አራቱን ጠጠር ለማስገባት 224 እርምጃ ያስፈልገዋል። የዳይስ አማካይ 3.5 ስለሆነ ይህ ብቻ 64 መጣል ነው፤ ከግቢ መውጫውና የተበላው ሳይቆጠር። በአራት ሰው ከ250 በላይ ይሆናል። ዳይሱ ለማማር ሁለት ሰከንድ የሚሽከረከር ከሆነ ከስምንት ደቂቃ በላይ ዳይስ እያዩ መቀመጥ ነው። 0.4 ሰከንድ ለዳይሱ፣ 0.12 ሰከንድ ለእያንዳንዷ እርምጃ ስጡ። ጠጠሩ ካሬ በካሬ ይሂድ፤ ዘሎ ከደረሰ ቆጥሮ ያልተከተለ ሰው አያምነውም።

ለንክኪው፣ የተነካውን ነጥብ ለ40 አካፍላችሁ ከነጥብ በኋላ ያለውን ቁረጡ፤ ዓምዱና ረድፉ ይወጣል። ስልክ ላይ ግን ካንቫሱ ወደ 360 ፒክሰል ስፋት ሊጠብብ ስለሚችል መጀመሪያ የተነካውን ነጥብ በ600 አባዝታችሁ ለሚታየው ስፋት አካፍሉ። ይህ ሲረሳ ኮምፒውተር ላይ የሠራው ስልክ ላይ ሌላ ካሬ ይነካል።

ድምፅ ከፈለጋችሁ ዳይሱ ሲነካ አስጀምሩት። ማሰሻዎች ሰው ገጹን ሳይነካ በራሱ የሚጀምር ድምፅ ያግዳሉ።

ኮምፒውተሩ ሲጫወት

ሁለት ሰው ብቻ ሲኖር ሌሎቹን ቦታዎች ኮምፒውተሩ ይይዛል። ለሚፈቀደው ለእያንዳንዱ እርምጃ ነጥብ ስጡና ከፍተኛውን ይምረጥ፦

መሐል ማስገባት፦ 100
መብላት፦ 60፣ በተጨማሪ የተበላው የሄደው እርምጃ
ከግቢ መውጣት፦ 50
መጠለያ ወይም መግቢያ ላይ ማረፍ፦ 30
አሁን ካለበት አደጋ መሸሽ፦ ለእያንዳንዱ አሳዳጅ 15
አዲስ አደጋ ላይ ማረፍ፦ ለእያንዳንዱ አሳዳጅ 15 ይቀነስ

አሳዳጅ ማለት ከኋላ ከ1 እስከ 6 ካሬ ርቀት ላይ ያለ የሌላ ሰው ጠጠር ነው። ርቀቱ የእኔ የጎዳና ቁጥር ሲቀነስ የእሱ፣ 52 ተጨምሮ፣ ለ52 ሲካፈል የሚተርፈው ነው። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ የአሳዳጁ እርምጃ ከርቀቱ ጋር ተደምሮ ከ50 ካለፈ እሱ ወደ መግቢያው ይታጠፋል እንጂ አይደርስባችሁም፣ አይቆጠርም። ብዙ ሰው ይህን ስለማይጽፍ ኮምፒውተሩ ከማይነካው ጠጠር ሲሸሽ ይታያል።

ነጥቦቹን እንደ ቤተሰቡ ጠባይ ቀይሯቸው። መብላቱን ወደ 120 ከፍ ያደረገ ሰው ቂመኛ ተጫዋች ያገኛል፤ ለአዋቂዎች ያስቃል፣ ትንንሽ ልጆችን ግን ያስለቅሳል።

መብራት ሲጠፋ

16ቱን ቁጥሮች፣ ባለተራውን፣ የወጣውን ዳይስ፣ ሁኔታውንና የ6 ቆጣሪውን ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ በማሰሻው ሎካል ስቶሬጅ (ገጹ ቢዘጋም መረጃ የሚቆይበት ማስቀመጫ) አስቀምጡ። ሲከፈት ያለውን አንብቦ «ካቆማችሁበት ይቀጥል?» ብሎ ይጠይቅ። ዳይሱ ስክሪን ላይ ከመታየቱ በፊት ይቀመጥ። ከታየ በኋላ ከሆነ 2 የመጣበት ሰው ገጹን አድሶ እንደገና ይጥላል፤ ይህን ዘዴ ልጆች ለማግኘት አንድ ቀን አይፈጅባቸውም። ሁኔታው «እየሄደ» ላይ ሳለ መብራት ከጠፋ ሲመለስ ጨዋታው እንዳይቆለፍ፣ ጠጠሩ መነሣት ሲጀምር የመጨረሻ ቦታውን አስቀምጡ፤ እንቅስቃሴው ለዓይን ብቻ ይሁን።

ጽሑፉና ቋንቋው

ፋይሉን ኖትፓድ ላይ ስታስቀምጡ ኢንኮዲንጉን (ፊደሎቹ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጡበትን መንገድ) ዩቲኤፍ-8 አድርጉ፤ አንሲ ከሆነ ፊደላችን ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል፣ አንዴ ከተቀመጠም አይመለስም። ኤችቲኤምኤሉ ራስጌ ላይ የፊደል ስብስቡ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አሳውቁ፤ ያ ሲቀር ፋይሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ማሰሻው ትርጉም የሌለው ምልክት ያሳያል። የመጀመሪያው ጉዳት ፋይሉ ላይ፣ ሁለተኛው ዕይታው ላይ ብቻ ነው።

ድሬ ውስጥ አንድ ሰሌዳ ዙሪያ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ አብረው ይቀመጣሉ። መልእክቶቹ ከ15 አይበልጡም፤ ሁሉንም በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጧቸው፣ ለእያንዳንዱ ቋንቋ አንድ ዓምድ። ትርጉሙን ቋንቋውን ከሚናገረው የቤተሰብ አባል አስጽፉ። የቁልፎቹን ስፋት በፒክሰል አትቆልፉ፤ በላቲን የሚጻፉት ሁለቱ ቋንቋዎች ብዙ ጊዜ ከአማርኛው ይረዝማሉ። አማርኛው ላይ «ተራህ ነው» ማለት ለሴት አይሆንም፣ «ተራዎ ነው» ደግሞ አንቱታ ለማታበዛው ድሬ ይከብዳል። «የቀይ ተራ»፣ «አረንጓዴ በላ»፣ «ቢጫ ገባ» ብላችሁ በቀለሙ ጥሩ።

ከመስጠታችሁ በፊት

ከሰው ጋር ከመጫወታችሁ በፊት ቦታዎቹን በእጅ እያስተካከላችሁ እነዚህን ሞክሩ። ጠጠር 53 ላይ ሆኖ ዳይስ 3 ሲመጣ ይግባ፣ 4 ሲመጣ አይንቀሳቀስ። 50 ላይ ሆኖ 1 ሲመጣ ወደ መግቢያው ይታጠፍ። ከአራቱም ቀለም አንዳንድ ጠጠር ሙሉ ዙር ይዙር። አንድ ካሬ ላይ አራት ጠጠር ተሥሎ ይታይ። ከዚያ አራቱንም ቦታ ለኮምፒውተሩ ሰጥታችሁ ያለ እንቅስቃሴ 1000 ጨዋታ አስኬዱ። ሁሉም ማለቅ አለባቸው፤ የማያልቅ ካለ የጥንዱ ሕግ አንድን ሰው ቆልፎታል። አራቱም በአንድ ዓይነት ነጥብ እየተጫወቱ አንዱ ቀለም ከ300 በላይ ካሸነፈ ቀሪዎቹ ቀለሞች ላይ ስህተት ፈልጉ፤ ሁልጊዜ ቀይ የሚጀምር ከሆነ ትንሽ ብልጫ ያገኛል፣ ጀማሪውን በዳይስ ማስወሰን ያስተካክለዋል።

ሥዕሉ ሁሉ በኮድ ስለሚሣል ፋይሉ 100 ኪሎባይት አይሞላም። በፍላሽ፣ በብሉቱዝ ወይም በቴሌግራም ይሄዳል። ስልክ ላይ ከቴሌግራም በቀጥታ ሲከፈት በፋይል ማሳያ ሊከፈትና ዳይሱ ሲነካ ዝም ሊል ይችላል፤ ወደ ስልኩ ካስቀመጡት በኋላ በክሮም ይከፈት። ፋይሉ አንዴ ከእጅ ከወጣ ብዙ ቅጂ ስለሚሆን ሰሌዳው ሥር በትንሽ ጽሑፍ የቅጂውን ቁጥርና የበሩትን ሕጎች አሳዩ፤ ለምሳሌ «ቅጂ 3፣ ጥንድ ይዘጋል፣ ሦስተኛ 6 ተራ ያሳጣል»።